እውነት ወይስ ተረት? የገፋ የኩላሊት ካንሰር ይዞ በናይሮቢ መኖር

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ኬንያ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ስመ ጥር ሰዎቿን በካንሰር አጣች። የሳፋሪኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቦብ ኮሊሞር በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ የኪብራው የፓርላማ አባል ኬን ኦኮት በ26ኛው፣ የቦሜቷ አገረ ገዥ ጆይስ ላቦሶ በ29ኛው ቀን አረፉ። ኮሊሞርም ኦኮትም በሕይወት ሳሉ ሕመማቸውን በገዛ አንደበታቸው ለሕዝብ ተናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ናይሮቢ ውስጥ ካንሰርን በስሙ መጥራት እየቀለለ መጥቷል። በእኛ በኢትዮጵያውያኑ ቤት ግን፣ በኢስሊም ይሁን በኪሊማኒ ሰፈር፣ ቃሉ አሁንም በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። የሚሸሸገው ከጎረቤት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ከራሱ ከታማሚው ጭምር ይሸሸጋል።

የኩላሊት ካንሰር ደግሞ ለወሬ የተመቸ በሽታ ነው። ኬንያ ውስጥ በብዛት የሚታዩት የጡት፣ የማኅፀን በር፣ የፕሮስቴትና የምግብ ቧንቧ ካንሰሮች ናቸው። ስለነዚህ የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የኩላሊት ካንሰር የያዘው ሰው ግን ምክር የሚሰማው አንዴ ጡቷን ከታከመች ጎረቤት፣ አንዴ ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ከሚመላለስ ዘመድ ነው። ሁለቱም ከልባቸው ይመክራሉ፤ ምክራቸው ግን የሌላ በሽታ ምክር ነው።

ተረት፦ «ለታማሚው ከተነገረው በድንጋጤ ይሞታል። ቤተሰቡ ይወቅ፣ እሱ አይስማ።»

ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም። መርዶ ስንነግር ዘመድ ሰብስበን፣ ሰዓት መርጠን የምንነግር ሕዝብ ነን፤ ክፉ ወሬ ሰውን በድንገት እንዳይጥለው እንሳሳለን። ናይሮቢ ላይ ደግሞ ለመደበቅ የሚያመች ነገር አለ፤ ቋንቋ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ አባት በአማርኛ ይጠብቃል፣ መሐል ላይ ልጅ ያስተረጉማል። ሐኪሙ «ከኩላሊትህ የተነሣው ካንሰር ሳንባህ ላይ ደርሷል፤ በኪኒን ልንይዘው እንሞክራለን፣ ጨርሶ ማጥፋቱ ግን ያስቸግራል» ሲል፣ ልጅ ዓይኑን ከአባቱ ዓይን አሽሽቶ «ትንሽ እብጠት አለ፣ በኪኒን ይጠፋል ነው የሚለው» ይላል። አባት ፈጣሪውን ያመሰግናል። ሐኪሙም ነገሩ የተነገረ ይመስለዋል።

እውነቱ፦ በዚህ በሽታ መደበቅ በተለይ ይጎዳል፤ ምክንያቱም የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚካሄደው ቤት ውስጥ ነው። ኪኒኑን የሚውጠው፣ የደም ግፊቱን ጠዋት ጠዋት ለክቶ ደብተር ላይ የሚጽፈው፣ ተቅማጡ በቀን ስንቴ እንደሆነ የሚያውቀው፣ አዲስ የጀርባ ሕመም ሲጀምረው የሚሰማው ታማሚው ራሱ ነው። «ትንሽ እብጠት» የተባለ ሰው ሲሻለው ኪኒኑን ያቆማል፤ በኪኒኑ ጠንቅ እግሩ ሲላጥ «አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል፤ ወጪው ልጆቹን የጎዳ ሲመስለው በአንድ ቀን ፈንታ በሁለት ቀን አንዴ ይውጠዋል። ለትንሽ እብጠት ማን ይህን ሁሉ ይሸከማል?

ሁሉንም በአንድ ቀጠሮ ማራገፍ ግን አያስፈልግም። ጥሩ ሐኪም አስቀድሞ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ለአባትየው ይድረስ፤ መልሱን እሳቸው ይስጡ። «ዝርዝሩን ለልጄ ንገሩት» ካሉም መብታቸው ነው። የሚያስተረጉመው ሰው ከቤተሰብ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጅ በአንድ ጊዜ ልጅም አስተርጓሚም መሆን ይከብደዋል።

ተረት፦ «ደረጃ አራት ከተባለ አለቀ።»

ይህ አባባል ከ20 ዓመት በፊት ለእውነት የቀረበ ነበር። ያኔ ከኩላሊት ወጥቶ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት የተሰራጨ ካንሰር ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ብዙም አይቆይም ነበር። በ1992 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢንተርሉኪን-2 የተባለ መድኃኒት ጥቂቶችን ለረጅም ዘመን ቢያቆይም፣ የሚሰጠው በጽኑ ክትትል ነበር፤ ብዙው ሰው አይችለውም።

ነገሩን የቀየረው የበሽታው አሠራር መታወቁ ነው። በ1993 ቪ ኤች ኤል የተባለው ዘረመል ተለይቶ ታወቀ። በብዛት በሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዓይነት ይህ ዘረመል ተበላሽቶ ይገኛል። ሲበላሽ ሴሉ ኦክስጅን ሳያጥረው ያጠረው ይመስለዋል፤ «ደም ሥር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ያለማቋረጥ ይረጫል። ዕጢውም በአዳዲስ ደም ሥሮች ተከቦ ይፋፋል። ሴሎች የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ በ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህን መልእክት የሚያፍኑት ኪኒኖች፣ ሶራፌኒብ በዲሴምበር 2005፣ ሱኒቲኒብ በጃንዋሪ 2006 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ፤ ፓዞፓኒብ በ2009 ተከተለ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃው ኢሚውኖቴራፒ መጣ።

1,096 ታካሚዎች በተካተቱበት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ መካከለኛና ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው መካከል ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉትን የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች በጣምራ ከወሰዱት 100 ሰዎች 43ቱ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ሱኒቲኒብ ብቻ ከወሰዱት 100 ሰዎች 31ዱ። ጣምራውን ከወሰዱት መካከል ዕጢው ዓመታትን ያለ መድኃኒት ሳይመለስ የቆየላቸውም አሉ። 43 ማለት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልቆዩም ማለት መሆኑን አልሸሽግም። ቢሆንም «አለቀ» ከተባለ ሰው ጋር ቤተሰቡ የስንብት ልቅሶ ይጀምራል። 5 ዓመት ሊኖር ከሚችል ሰው ጋር ግን ስለ ሥራው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይነጋገራል።

ተረት፦ «ኬሞ ካልጀመረ አልታከመም።»

በእጅ ደም ሥር የሚንጠባጠበውና ፀጉር የሚያረግፈው የተለመደው ኬሞቴራፒ በአብዛኛው የኩላሊት ካንሰር ላይ እምብዛም አይሠራም። «ኪኒን ብቻ ሰጥተው ሰደዱት» ተብሎ የሚታማው ሕክምና ትክክለኛው ሕክምና ነው።

ተረት፦ «ኩላሊት ካንሰር ያለበት እጥበት ይጀምራል፤ ዘላቂው መፍትሔ ኩላሊት መቀየር ነው።»

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ በሽታዎች ወሬ የሚቀላቀለው። ካንሰሩ አንዱን ኩላሊት ይዞ ሌላው ጤነኛ ከሆነ፣ ሰው በአንድ ኩላሊት ያለ እጥበት መኖር ይችላል። ንቅለ ተከላ ደግሞ ለተሰራጨ ካንሰር መፍትሔ ሊሆን ቀርቶ ነገሩን ያባብሰዋል፤ አዲሱ ኩላሊት እንዳይጣል የሚሰጡት መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ፤ ኢሚውኖቴራፒ ደግሞ የሚደገፈው በዚያው መከላከያ ላይ ነው። ወንድም ኩላሊቱን ሊሰጥ ቆርጦ ከተነሣ ፍቅሩን ተቀብሎ ነገሩን ማስረዳት ይገባል።

የቀረው ኩላሊት ግን መጠበቅ አለበት። ወገቡን ያመመው ሰው ከየመንገዱ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛቸው ዲክሎፌናክና ብሩፈን ለዚያ ብቸኛ ኩላሊት አደገኛ ናቸው። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የክሪያቲኒን ምርመራ በየቀጠሮው ይታይ፤ ውሃ ሲጠማ ይጠጣ። «በቀን 5 ሊትር ውሃ ካንሰሩን ያጥበዋል» የሚባለው መሠረት የለውም።

ሁለት ተቃራኒ ተረቶች፦ «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» እና «ኩላሊቱ ወጥቶ ካልተጣለ ሕክምና የለም።»

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሲነገሩ ይሰማል። የመጀመሪያው ምንጩ ይገባኛል። ሆዱ የተከፈተ ሰው በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ተገኘና ሞተ፤ ቤተሰቡ ቢላውን ከሰሰ። ከዕጢው በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ሴል በመርፌው መንገድ ሊተላለፍ የሚችልበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። ናሙና ሳይወሰድ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው ኪኒን እንደሚሻል አይታወቅም።

ሁለተኛው በሐኪሞችም ዘንድ ለዓመታት የታመነ ነበር። በ2018 የታተመው ካርሜና የተባለ ጥናት 450 የተሰራጨ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈለ፤ ገሚሱ ኩላሊታቸው ወጥቶ ሱኒቲኒብ ጀመሩ፣ ገሚሱ ሳይወጣ ኪኒኑን ብቻ ወሰዱ። የመጀመሪያዎቹ በሕይወት የመቆየት መካከለኛ ጊዜ 13.9 ወር፣ የሁለተኞቹ 18.4 ወር ሆነ። ኩላሊት ማውጣት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የሚደማ፣ ሕመም የሚያሠቃየው፣ ወይም ስርጭቱ ጥቂት የሆነ ሰው ይጠቀማል፤ አንዳንዱም መድኃኒቱ በሽታውን ከረገጠው በኋላ ቀዶ ሕክምናው ያኔ ይደረግለታል። ስለዚህ ሐኪም «አሁን አናወጣም» ሲል ተስፋ ቆርጦ የተናገረ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

ተረት፦ «ካላሠቃየ አይሠራም፤ ቻለው።»

ትዕግሥት የምናከብር ሰዎች ነን፤ ታማሚያችንንም «አይዞህ፣ ቻል አድርገው» እንላለን። ከነዚህ ኪኒኖች ጋር ይህ ቃል ሰው ይጎዳል።

እጅና እግር ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰውነት በሚጫንበት ቦታ፣ ተረከዝ ላይና ከአውራ ጣት ሥር፣ ይነዝራል። ከዚያ ይቀላል። ቀጥሎ ቢጫ ወፍራም ቆዳ ይነሣና ዙሪያው ይለበልባል። በናይሮቢ ሚኒባስ፣ በማታቱ፣ ላይ ቆሞ መሄድ አይቻልም፤ የጣት ጫፍ ተሰነጣጥቆ በርበሬ ያለበት ወጥ በእንጀራ መጠቅለል እሳት መጨበጥ ይሆናል። አፍም ይቆስላል፤ አልጫና ለብ ያለ ነገር ብቻ ይቀበላል። ይህ ሲጀምር መንገር እንጂ መቻል አይገባም። ዩሪያ ያለበት ቅባት፣ ለስላሳ ሰፊ ጫማ፣ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ይረዳሉ። ካልበቃ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ለጥቂት ቀን ያስቆማል። ሱኒቲኒብ መጀመሪያውኑ 4 ሳምንት ተውጦ 2 ሳምንት የሚታረፍበት መድኃኒት ነው፤ 2 ሳምንት ተውጦ 1 ሳምንት በማረፍ የሚቀልላቸው ብዙ ናቸው። በብሪታንያ 920 ሰዎች የተሳተፉበት ስታር የተባለ ጥናት፣ ከ24 ሳምንት ሕክምና በኋላ በዕቅድ ዕረፍት የወሰዱ ሰዎች ዕድሜያቸው ያን ያህል እንዳላጠረ በ2023 አሳይቷል። በዕቅድ ማረፍና ሐኪም ሳያውቅ ማቆም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በስካን ይጠበቃል።

ሌሎችም አሉ። የደም ግፊት ይወጣል፤ የግፊት መጨመር መድኃኒቱ ከሚሠራላቸው ሰዎች ጋር ተያይዞ ይታያል፣ መታከሙ ግን ግዴታ ነው። ድካሙ የበረታበትና ሁልጊዜ የሚበርደው ሰው የታይሮይድ ዕጢው ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በቀን አንድ ኪኒን ይስተካከላል። ይህን ሳይመረመሩ «በሽታው ጸንቶበታል» ብሎ አልጋ ላይ ማስተኛት ያሳዝነኛል። ፀጉር ይነጣል። ሱኒቲኒብ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል፤ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ይደነግጣል። የዓይን ነጩ ክፍል ነጭ እንደሆነ ከቆየ ቀለሙ የመድኃኒቱ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትም ከጠቆረ ግን ጉበት ሊሆን ስለሚችል ኪኒኑን ከመዋጥ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ተረት፦ «ተቅማጥ ከሆነ አሜባ ነው፤ ሳል ከሆነ ቲቢ ነው።»

በየሰፈሩ ክሊኒክ እንዲህ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ኢሚውኖቴራፒ የወሰደ ሰው ላይ ግን የተለየ ነገር ሊሆን ይችላል። የነቃው የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት፣ ሳንባ፣ ጉበት ወይም ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ሊያጠቃ ይችላል፤ ይህም መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላ እንኳ ሊመጣ ይችላል። የዚህ ጉዳት ሕክምና ስቴሮይድ ነው፣ በጊዜ ከተጀመረም በአብዛኛው ይመለሳል። በአሜባ መድኃኒት ሳምንት ከባከነ ግን አንጀት እስከ መበሳት ይደርሳል። ስለዚህ የኢሚውኖቴራፒው ስምና የሐኪሙ ስልክ የተጻፈበት ካርድ ከመታወቂያ ጋር ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ የትኛውም ክሊኒክ ሲገባ መጀመሪያ እሱ ይታይ።

ቲቢም እንደዚሁ ነው። ወደ ሳንባ የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ሳል፣ ትኩሳት፣ ክሳትና የሌሊት ላብ ያመጣል። ቲቢ በአክታ ምርመራ ይረጋገጥ። በእርግጥም ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለካንሰር ሐኪሙ መንገር የግድ ነው፤ ሪፋምፒሲን የሱኒቲኒብን፣ የፓዞፓኒብንና ካቦዛንቲኒብ የተባለውን የዚሁ ወገን ኪኒን መጠን በደም ውስጥ ክፉኛ ያወርዳል። ለጨጓራ የምንውጠው ኦሜፕራዞልም ፓዞፓኒብ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ስንት ኢትዮጵያዊ ነው «ጨጓራዬን» ብሎ ኦሜፕራዞል በኪሱ የሚዞረው! ማንም «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲለው ግን እሱን አይቆጥረውም።

ተረት፦ «ጠበል የጀመረ ኪኒን አይውጥም፤ ሥራ ሥሩም ስለሆነ አይጎዳም።»

ጸሎትና ጠበል ለብዙዎቻችን የብርታት ምንጭ ናቸው፤ ከኪኒኑ ጋር የሚያጣላቸው ነገር የለም። ጾምም ቢሆን ታማሚን በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም አያስገድድም፤ የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን መጠየቅ ለታማሚው ልብ ዕረፍት ይሰጣል። መጾም የሚሻ ካለ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ፓዞፓኒብ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ ይዋጣል፤ ሱኒቲኒብ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ተቅማጥ ያለበት ሰው ግን ያለ ውሃ መዋል የለበትም።

ሥራ ሥር ሌላ ነገር ነው። ምን እንዳለበት በማይታወቅ ጭማቂ ጉበት ሲጎዳ፣ ጥፋቱ ለኪኒኑ ተሰጥቶ የሚሠራው መድኃኒት ይቆማል። ስኳርም ካንሰርን «ይመግባል» ተብሎ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ይሰጣል። ከስቶ ለመብላት የሰነፈ ሰው የሚያስፈልገው የሚወደው ምግብ ነው።

ተረት፦ «ሕንድ ካልተሄደ፣ ፔት ስካን ካልታየ አይሆንም።»

ፔት ስካን ናይሮቢም አለ፤ በአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በ2019 ሥራ በጀመረው የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል። ለኩላሊት ካንሰር ግን ክትትሉ በአብዛኛው የሚሠራው በተራው ሲቲ ስካን ነው። በፔት ስካን የሚወጋው ስኳር በኩላሊት በኩል በሽንት ስለሚወጣ ኩላሊቱ ራሱ ያበራል፣ አንዳንዱ ዕጢም አይታይበትም። በሬ ሸጦ ሕንድ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እዚሁ ሊታዘዝለት የሚችለውን ኪኒን ይዞ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ የመንገድ ሆኖ ቀርቶ ለሦስተኛው ወር ኪኒን አይተርፈውም። ረጅም ሕክምና የሚፈልገው ወር በወር የማይቋረጥ አቅም ነው።

ኦክቶበር 1 ቀን 2024 የቀድሞውን የጤና መድን ተክቶ ሥራ የጀመረው፣ በአፍ «ሻ» የሚባለው የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን፣ ሲጀምር ለካንሰር ሕክምና ለአንድ ቤተሰብ በዓመት 400,000 ሽልንግ፣ ያ ሲያልቅ ከጽኑ ሕሙማን ፈንድ ተጨማሪ 150,000 መደበ። ኢሚውኖቴራፒን ለመክፈል አይበቃም ነበር፤ ለስካንና ለኪኒን ግን ትልቅ ነገር ነበር። ሕጋዊ መኖሪያ ያለው የውጭ ዜጋ ከመታመሙ በፊት ቢመዘገብ ይበጀዋል።

ተረት፦ «ሞርፊን ከተጀመረ መጨረሻው ነው።»

የናይሮቢ ሆስፒስ ከ1990 ጀምሮ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ግቢ ይሠራል። ወደዚያ የሚመጡት ለመሞት የደረሱ ብቻ ይመስላሉ፤ የሕመም ማስታገሻ ሕክምና ግን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ከኪኒኑ ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። አጥንት ላይ የደረሰ ካንሰር ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር እንኳ ሕመሙን ሊያስታግሰው ይችላል፤ ያኔ ሞርፊኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ለሕመም በትክክል የሚወሰድ ሞርፊን ሱሰኛ እምብዛም አያደርግም። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል፤ ኩላሊት ለደከመበት ሰው መጠኑ ያንሳል ወይም ሌላ ማስታገሻ ይመረጣል። የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ከከዳው፣ ከወገብ በታች ከደነዘዘው፣ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።